ሰማያዊ ከሰማያዊ ጋር

ሰፈሩ ጋሽ ፊውዝ ይለዋል። ስሙ የወጣለት በወጣትነቱ ነው፤ ያኔ በትንሽ ነገር ቱግ ይል ነበር። አሁን ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣ ቱግ ማለቱንም ከተወ ቆይቷል። ሚስቱ፣ «የሱ ፊውዝ ተቃጥሎ በሽቦ የተቀጠለ ነው፤ ከእንግዲህ ቤቱ ቢነድም አይቆርጥም» ትላለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቷል፤ ሁሉንም በአንድ ግቢ ውስጥ። ግቢው በአንድ ወገን ግንብ አለው፣ በሌላው ቆርቆሮ። ግንቡ ሥር የሱ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ በየቀለማቸው የተንጠለጠሉ ሽቦዎች፤ ቆርቆሮው ሥር ጎረቤቱ ጎሚስታው፣ ጎማዎቹ፣ መዶሻውና አፉ። መሐል ላይ ሁለት መኪና የሚያቆም ዘይት የጠጣ መሬት።

ጋሽ ፊውዝ አንድ ሕግ አለው። «ዕቃው የባለቤቱ፣ ሽቦው የኔ።» ሕጉን ያስተማረው የሙያ አባቱ ነው። ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ ደንበኛ የኋላ መብራቱን ከመቀመጫው ሥር የሚያጠፋ ማብሪያ እንዲገጠምለት ጠየቀ። ጋሽ ፊውዝ «ለምን?» አለ። የሙያ አባቱ በካቻቢቴ እጀታ ማጅራቱን ቋ አደረገውና፣ «አንተ የምትጠየቀው ይሠራል ወይስ አይሠራም ነው» አለው። ያ ደንበኛ እየነዳ የኋላ መብራቱን ማጥፋት ለምን እንዳስፈለገው ጋሽ ፊውዝ እስከ ዛሬ አያውቅም። አለማወቁን እንደ ሙያ ቆጥሮት ኖረ።

ሌላው ልማዱ ቀለም ነው። ቀይ ከቀይ፣ ቢጫ ከቢጫ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ። ተንጠልጥሎ የቀረ ሽቦ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ቀለሙን ፈልጎ ያጋባዋል። ካጋባ በኋላ ሦስት ዙር ናስትሮ ይጠመጥምና ጫፏን ወደ ላይ ያጥፋታል፤ ሌላ ቀን በጥፍር እንድትላጥ። ከተማው ውስጥ ያሉ የሙያ ጓደኞቹ ያቺን የታጠፈች ጫፍ ሲያዩ፣ «ፊውዝ እዚህ ገብቷል» ይላሉ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የስምሪት ኃላፊው መጣ።

ሰውየው የአንድ ትልቅ የትራንስፖርት ድርጅት ተሽከርካሪዎችን የሚያሰማራ ነው። የትኛው መኪና የት እንደዋለ፣ ስንት ሰዓት እንደቆመ፣ ሾፌሩ የት ሻይ እንደጠጣ ያውቃል። የድርጅቱ መኪኖች የኤሌክትሪክ ጣጣ ሲገጥማቸው ወደ ጋሽ ፊውዝ የሚልካቸው እሱ ነው። በዚህ ጉዳይ ጎሚስታው፣ «ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ጩህለት እንጂ» እያለ ይቀልዳል። ኃላፊው ጨዋ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። በሁለት እጁ ይጨብጣል። ሁለት ስልክ አለው፤ አንደኛው ትልቅ፣ አንደኛው ትንሽ ባለ ቁልፍ። ትንሹ ከሸሚዙ ኪስ አይወጣም።

ያመጣው የሚስቱን መኪና ነበር፤ ትንሽ፣ ግራጫ።

«ጋሼ፣ ሲስተር ሙዚቃ ትወዳለች። ሳታስበው ላስደስታት ብዬ ነው» አለ። ቴፑ በካርቶን፣ አምፕሊፋየሩ በካርቶን። አንድ ሦስተኛ ዕቃ ግን ካርቶን አልነበረውም። የክብሪት ቀፎ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ምንም ያልተጻፈበት።

ጋሽ ፊውዝ ዕቃውን አገላብጦ አየው።

«እሷ የአንቴና ማጉያ ናት» አለ ኃላፊው፣ ሳይጠየቅ። «ከዳሽቦርዱ ኋላ ጠለቅ አድርገው ይደብቁልኝ። ሌባ በዝቷል። ሞተሩ ሲጠፋም ኃይል አይቋረጥባት። ይቺ ቀጭኗ ሽቦ ደግሞ ወደ መሪው በኩል ትውጣ።»

ቀጭኗ ሽቦ ጫፍ ላይ ምስር የምታህል ነገር አለች። ሞተሩ ጠፍቶ የሚሠራ የአንቴና ማጉያ ጋሽ ፊውዝ አይቶ አያውቅም። ይህን አሰበ። ሦስት ሰከንድ ያህል አሰበ። ከዚያ ዕቃው የባለቤቱ ነው ብሎ ካቻቢቴውን አነሳ።

የጥቁሯን ዕቃ ቀይ ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል ካለው የቴፑ ሽቦ ላይ አሰረ። ጥቁሩን ከብረቱ። ቀጭኗን እንደተባለው ወደ መሪው አወጣት። አንድ ሰማያዊ ሽቦ ተርፎ ተንጠለጠለ። ስለሱ ማንም ምንም አላለም። አምፕሊፋየሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውም ሽቦ ሰማያዊ ነው። ጋሽ ፊውዝ ሰማያዊውን ከሰማያዊው ጋር አጋባ፣ ሦስት ዙር ጠመጠመ፣ ጫፏን አጠፈ። ቴፑ ዘፈነ። ኃላፊው በሁለት እጁ ጨብጦት ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኪናዋ ተመልሳ መጣች። የምትነዳት ሲስተር ራሷ ነበረች፤ ነጭ የሥራ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም። ሞተሩን ሳታጠፋ ወርዳ፣ ከበሩ ሥር ቆማ ነው የተናገረችው።

«ጋሼ፣ ሦስተኛዬ ነው።»

«ምኑ?»

«ባትሪው። ቴፑ ከተገጠመ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሞተ። ዛሬም በአምቡላንስ ባትሪ ነው የተነሳሁት። ሾፌሩ፣ ‹ሲስተር፣ በሽተኛ ልጫን ወይስ ያንቺን መኪና ጡት ላጥባ?› ይለኛል።»

«የት የት ነው የሞተው?»

«ሆስፒታል። ሦስቱንም ጊዜ። ቤት አድሮ አንድ ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም።»

«ባትሪ ሰፈር አይመርጥም፣ ሲስተር።»

«የኔ ይመርጣል።»

«እዚያ የት ነው የምታቆሚያት?»

«ጄኔሬተሩ ቤት ጎን። ሃያ አራት ሰዓት ነው የምሠራው፣ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል እንጂ።» ወደ መንገዱ ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባለቤቴ መኪናዋን ተያት፣ እኔ ወስጄ እኔ እመልስሻለሁ ይላል። ጋሼ፣ ሐሙስ ጠዋት መነሳት አለባት። ዓርብ ትሙት፣ ትቃጠል፣ ግድ የለኝም። ሐሙስ ግን እምቢ እንዳትለኝ።»

ለምን ሐሙስ ብሎ አልጠየቀም።

ሞተሩን አጠፋ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ የባትሪውን አንድ እግር ፈትቶ ቴስተሩን በመሐል አስገባ። ነገሩ ቀላል ነው። የቆመ መኪና ይተኛል፤ ሲተኛም እንደ ተኛ ሰው ትንሽ ትንሽ ይተነፍሳል። ከዚያ በላይ ከሳበ የሆነ ነገር ነቅቷል ማለት ነው። በሮቹን ዘጋ፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቀ። ቴስተሩ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት አምፔር አለ። ጤነኛ እንቅልፍ።

ሲስተር ወንበር አልፈለገችም። ቆማ ታወራለች። የማይጠይቅ ሰው ፊት ሰው ይናገራል፤ ጋሽ ፊውዝ ይህን ከለመደው ቆይቷል።

«ሰው ሳያብድ ያበደ ሊመስለው ይችላል፣ ጋሼ?»

«እኔ የመኪና ነኝ።»

ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። «ለባለቤቴ ያልነገርኩትን ያውቃል። አይቆጣም እኮ። ራት ላይ ጠቀስ ያደርገውና ዳቦውን ይቆርሳል። ከጓደኛዬ ጋር ከሥራ ስንመለስ ያወራነውን፣ ቃል በቃል። ሁለት ሳምንት ሆነው። ከሷ በቀር ማን ሊነግረው ይችላል? አንድ ቀን አንቺ ነሽ አልኳት። አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። አልቅሳ ከመኪናዬ ወረደች፣ እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም።»

ጋሽ ፊውዝ ቴስተሩን አየ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት። አንዳንዴ የኋላ ኮፈን መብራት በርቶ ይቀርና ባትሪ ይጨርሳል። ያን ሊያይ ዞሮ ከፈተ። መብራቱ ደኅና ነው። የትርፍ ጎማው ክዳን ግን አልገጠመም፤ ሊጫነው ሲል ከሥሩ ያለውን አየ። የታሸገ ቦርሳ ነው። ከላዩ የልጅ ካፖርት፣ በላስቲክ የታሰረ የትምህርት ቤት ውጤት፣ የክትባት ካርድ።

ቀስ ብሎ ዘጋው። ቀና ሲል ሲስተር እያየችው ነበር። ሐሙስ ምን እንደሆነ አሁን ገባው።

ፀሐዩ ሲበረታ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች፣ መስኮቱን ጥቂት ከፈት አድርጋ ስልክ ደወለች። ጋሽ ፊውዝ ኮፈኑ ሥር እንደጎበጠ ነው። ለመስማት አልፈለገም፤ ጆሮ ግን ክዳን የለውም።

«እህትዬ፣ ሐሙስ ነው... አዎ፣ ሥራ ልገባ ነው ብዬ ሁለት ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ልጄን ከትምህርት ቤቱ በር ነው የምወስዳት። ማታ እናንተ ጋ ነን... አይ፣ አያውቅም። በምን ያውቃል?»

ቴስተሩ አንድ ነጥብ አራት ደረሰ።

ጋሽ ፊውዝ አፍንጫውን አከከ። በር ተከፍቶ ተዘግቷል፤ መኪናው ነቅቷል። ያ ግን ይህን ያህል አይስብም። ሲስተር ጨርሳ ወረደች። ቁጥሩ ሁለት ደቂቃ ያህል እዚያው ቆየና ወደ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት ወረደ። በሩን ራሱ ከፍቶ ዘጋ። ጥቂት ወጣ፣ ወዲያው ወረደ። ደገመው። ያው ነው። ዲናሞውን ፈተሸ፣ ሞተሪኖውን ፈተሸ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንደሆነ እጁ ያውቅ ነበር። ያልፈተሸው የራሱን ሥራ ብቻ ነው።

ስልኩ ጮኸ። የስምሪት ኃላፊው ነው።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ሲስተር እርስዎ ጋ ደረሰች አይደል?»

«ደርሳለች።»

«ጥሩ። አይቸኩሉ እሺ? በደንብ ይዩት። ለሐሙስ ብላ ታጣድፍዎት ይሆናል።» ከዚያ ጨመረበት፦ «ሐሙስ የትም አትሄድም። ቅዳሜ ይሁን።»

«እሺ» አለ ጋሽ ፊውዝ።

ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ሲስተር ሄደ። «ባለቤትሽ ነበር። ለሐሙስ አትቸኩል፣ ቅዳሜ ይሁን አለ።»

«ሐሙስ አለ?»

«አለ።»

«በስሙ ጠርቶ? ሐሙስ?»

«ሐሙስ የትም አትሄድም ነው ያለው።»

«ለማንም አልተናገርኩም። ለእርስዎ ቀኑን ብቻ፣ ለእህቴ ደግሞ አሁን። አሁን ነው ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ አልሞላውም።» መኪናዋ ላይ ተደገፈች። «እህቴም? እህቴም ልትሆን ነው?»

ጎሚስታው ሻዩን ጠጥቶ ተመለሰ፤ አንድ ቸርኬ አጋድሞ ጎማውን ሊያላቅቅ በመዶሻ ይነርተው ጀመር። ጋሽ ፊውዝ የሚለው ሲያጣ ዓይኑን ቴስተሩ ላይ ጣለ።

አንድ ነጥብ አራት።

በሮቹ ዝግ ናቸው። መኪናዋ ውስጥ ሰው የለም። ጎሚስታው ላቡን ሊጠርግ መዶሻውን አቆመ። ቁጥሩ ቆየ፣ ቆየና ወረደ። ጎሚስታው ጀመረ። ቁጥሩ ወጣ።

ጋሽ ፊውዝ እጁን አነሳ።

«ምን ሆንክ? ትራፊክ ሆነህ ተቀጠርክ?» አለ ጎሚስታው።

«ተው።»

«ምኑን?»

«መምታቱን።» ሁለት ደቂቃ። ቁጥሩ ወረደ። «አሁን ምታ።»

«ይህ ሰውዬ ዛሬ በመጨረሻ ተቃጠለ» አለ ጎሚስታው፣ መታም። አንድ ነጥብ አራት።

ጋሽ ፊውዝ የአምፕሊፋየሩን ፊውዝ ለአፍታ መዝዞ መለሰው። ሲመዘዝ ቁጥሩ ወረደ፤ ያ ሁሉ የሚሳበው በሱ ነው። አምፕሊፋየሩን የሚቀሰቅሰው ሰማያዊው ሽቦ ነው። ሰማያዊው ሽቦ የሚመጣው ከቴፑ ነው፤ ቴፑ ደግሞ ጠፍቷል። ታዲያ ማን ይቀሰቅሰዋል? ከጥቁሯ ዕቃ የወጣ ሌላ አንድ ሰማያዊ ሽቦ እንዳለ ትዝ አለው። ያጋባው ራሱ ነው። ቤት ጸጥታ ነው፤ ሆስፒታሉ ጎን ጄኔሬተር ሃያ አራት ሰዓት ይጮኻል። ባትሪው ሰፈር መርጧል።

በጀርባው ተኝቶ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ። የናስትሮው ሦስት ዙር፣ የታጠፈች ጫፍ። ከኋላዋ ጥቁሯ ዕቃ። መዶሻው በመታ ቁጥር አንዲት አረንጓዴ መብራት ጥቅሻ ትሰጣለች። ክዳኗን በጥፍሩ ከፈት አደረገ። ውስጧ ሲም ካርድ አለ።

ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደተኛ አያውቅም። ሲወጣ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ነበር። ሲስተርን በዓይኑ ጠርቶ ግቢው ጥግ ወዳለው ኮምፕሬሰር ወሰዳትና አስነሳው። በጩኸቱ ውስጥ ጆሮዋ ሥር ነገራት። ድምፅ ስትሰማ የምትነቃ፣ ነቅታ ስልክ የምትደውል ዕቃ ናት። የደወለችለት ሰው አንስቶ ያዳምጣል።

ሲስተር መጀመሪያ ያለችው፣ «ጓደኛዬን» ነው። «ጓደኛዬን በከንቱ...» አልጨረሰችውም።

ከዚያ፣ «እሱ ነው ያመጣልዎ?»

«እሱ ነው ያመጣው። ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«ምንድን ናት ብለው አልጠየቁም?»

«አልጠየቅሁም።»

ዓይኗን ከሱ አንስታ ግራጫዋ መኪና ላይ ተከለች። ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

«በቃ፣ ሐሙስ ቀረ» አለች።

«ዛሬስ?»

ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ልጇ ስድስት ተኩል ትወጣለች። እህቷ ከተማ ድረስ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ቦርሳው መኪናው ውስጥ ነው። ሁሉንም በጣቷ ቆጠረች። «ባትሪው?»

«ባትሪ ከመደርደሪያዬ አዲስ አስርልሻለሁ። ችግሩ እሷ ናት። ብነቅላት ዝም ትላለች። ዝም ካለች ያውቃል።»

«ስለዚህ አትነቀልም» አለች ሲስተር። «ሕይወቷ ሳይቋረጥ ትዛወራለች። እኛ በየቀኑ የምንሠራው እሱን ነው።»

ሠሩት። ጋሽ ፊውዝ ረዳት ኖሮት አያውቅም፤ የሰው እጅ መሐል ሲገባ አይወድም። ያን ቀን ግን እጁን ሲዘረጋ ፒንሳው እዚያ ነበር፣ ናስትሮው ተቆርጦ እዚያ ነበር፤ ሳይናገር፣ ሳያይ። አንድ አሮጌ ባትሪ መቀመጫው ሥር አስጠግቶ መጀመሪያ ከሱ አገናኛት፣ ከዚያ ነው ከመኪናው የቆረጣት። አረንጓዴዋ መብራት አልጠፋችም። ዕቃዋንም ባትሪውንም እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሯቸው። ቴስተሩን በመሐላቸው አስገባ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ አንድ።

አዲሱ ባትሪ ከታሰረ በኋላ ጋሽ ፊውዝ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። በዕድሜው ተውኔት ሠርቶ አያውቅም።

«ሲስተር፣ ባትሪው አልቆለታል። የሚሆነው ቅዳሜ ነው የሚመጣልኝ።»

«ቅዳሜ?» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ያ ተውኔት አልነበረም። «ለሐሙስ እኮ ፈልጌያት ነበር።»

«ምን ይደረግ። ሻይ ይምጣልሽ፣ ተቀመጪ።»

ቁጥሩ ወጥቶ ዜሮ ነጥብ ሁለት ላይ ቆሟል። አንድ ሰው እየሰማ ነው።

ሞተር ሲነሳ ይሰማል። ስለዚህ መኪናዋን እሱና ጎሚስታው እየገፉ ከግቢው አወጧት፣ እስከ ማዕዘኑ። ጎሚስታው፣ «ሠርተሃት ነው የምትገፋት? ሙያህ ወደ ኋላ ሄደሳ» አለ። ከዚያ የሲስተርን ፊት አየና ትከሻውን ደግፎ ገፋ።

«ስልክሽን አጥፊው» አለ ጋሽ ፊውዝ። «ደርሰሽም እንዳትደውይልኝ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ የመኪና ነኝ።»

መኪናዋ በመጀመሪያው ተነሳች። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ስትይዝ የኋላ መብራቷ በራ፤ ሁለቱም ይሠራሉ። ጋሽ ፊውዝ ይህን አስተዋለ።

«ሂድና ምታ» አለው ጎሚስታውን።

«ለማን ነው የምመታው?»

«ሆድ ይፍጀው። ምታ ብቻ።»

ጎሚስታው ጎማ የሌለው ቸርኬ አጋድሞ ሲነርት ዋለ። ጋሽ ፊውዝ ደግሞ ያወራ ጀመር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተናገረውን ላንዲት የክብሪት ቀፎ አወራ። «ሲስተር፣ ሻዩ ቀዘቀዘብሽ» አላት። ስለ ሚስቱ ምላስ አወራ። ስለ ሙያ አባቱ፣ ስለ ካቻቢቴው እጀታ፣ የኋላ መብራቱን ማጥፋት ስለፈለገው ሰው አወራ። «ይኸውልሽ፣ ያኔም ለምን ብዬ ሳልደግም ቀረሁ» ብሎ ቆመ፤ ይህን ለማን እንደተናገረው ለራሱም አልገባውም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቁጥሩ ዜሮ ነጥብ ሁለት ላይ እንደቆመ ነው። ስድስት ተኩል አለፈ። ሰባት አለፈ። ስምንት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጎሚስታው መዶሻውን ጣለ። «እጄ ሞተ። ጌታን፣ ከዚህ በላይ ከሆነ ራስህን አምጣና ልምታው።»

ግቢው ጸጥ አለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ፊውዝ ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ አነሳው።

«ጋሼ፣ ሲስተር እዚያው ናት?»

«እዚሁ ናት። ሻይ እየጠጣች ነው።» ለደንበኛ ሲዋሽ የመጀመሪያው ነው።

«እስቲ ያገናኙኝ።»

«እጇን ልትታጠብ ወጣ ብላለች።»

«ስልኳ ዝግ ነው» አለ ኃላፊው።

«ባትሪ ጨርሶባት ይሆናል።»

«የእሷ ድምፅ አይሰማም» አለ ኃላፊው፣ እንደ ሁልጊዜው በጨዋ ድምፅ። «የእርስዎ ብቻ ነው የሚሰማው። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ።»

ሰውየው የተናገረው ምን እንደሆነ ራሱም ዘግይቶ የገባው ይመስላል፤ ስልኩ ተዘጋ።

«ሂድ ወደ ቤትህ» አለው ጎሚስታውን።

«አንተስ?»

«ሂድ አልኩህ።»

ጎሚስታው መዶሻውን አንስቶ በሩ ድረስ ሄደና ቆመ። ተመልሶ ቸርኬው ላይ ተቀመጠ፤ መዶሻውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። መኪና ውጭ ቆመ፣ በር ተዘጋ፣ እግር መጣ። የስምሪት ኃላፊው ገባ። አልቸኮለም። ክራቫቱ እንደታሰረ ነው። ሰላምታ አልሰጠም፤ በሁለት እጁም አልጨበጠም። መሐል ሜዳው ላይ መኪና የቆመበትን ባዶ ቦታ አየ፣ ትኩስ የዘይት ጠብታዋን አየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ጥቁር ዕቃ አየ። ከንፈሩን ገጥሟል። እሷ ፊት እንደማይወራ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ጋሽ ፊውዝ ቴስተሩን ተመለከተ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ አንድ። ግቢው ውስጥ የሚተነፍስ ያለ አይመስልም። እዚያ ማዶ አንዲት ግራጫ መኪና ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ በልታለች፤ ሦስት ሰዓት ይቀራታል። ይህ ሰው የድርጅቱን ሾፌሮች ሁሉ በየመንገዱ ያውቃቸዋል። ቢደውልላቸው ይበቃል። እዚህ የሚቆይባት እያንዳንዷ ደቂቃ ለሷ ናት።

ጋሽ ፊውዝ ከወንበሩ ተነሳና በበሩና በሰውየው መሐል ቆመ። ጎሚስታውም ከቸርኬው ተነሳ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ጋሽ ፊውዝ፣ ጮክ ብሎ። «ይቺ ዕቃ ምንህ ናት?»

አረንጓዴዋ መብራት ጠቀሰች። ቁጥሩ ወጣ።

በኃላፊው ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ትንሹ ስልክ መጥራት ጀመረ።